ኪሴ ውስጥ የዋለው መታወቂያ

ልጄን ሰው ፊት ውሸታም አድርጌያታለሁ። ነገሩን ከዚህ ልጀምረው፤ ዙሪያውን ከዞርኩ እንደ ልማዴ ራሴን ማሳመሬ አይቀርም።

ማኑሄ እባላለሁ። ሂትሮው አየር ማረፊያ አጠገብ ካለ የመኪና ማቆሚያ መንገደኞችን ወደ ተርሚናል የማመላልስ የሚኒባስ ሾፌር ነኝ። ሻንጣ አነሳለሁ፣ መልካም ጉዞ እላለሁ፣ ከመቶው ሰው ሁለቱ ይመልሱልኛል። ቤቴ ሰሜን ሎንዶን፣ ኤድመንተን ነው። ወገራ ተወልጄ፣ በዘጠኝ ዓመቴ ከወላጆቼ ጋር በእግሬ ሱዳን ገባሁ፤ ከዚያ በአውሮፕላን እስራኤል ወሰዱን። እዚያው አደግኩ፣ እዚያው ወታደር ሆንኩ። ሎንዶን የመጣሁት ባለቤቴን ማሚቱን ተከትዬ ነው። እሷ ለሁለት ዓመት ትምህርት ብላ መጣች፣ ይኸው ሃያ ምናምን ዓመታችን። ሰው ከየት ነህ ሲለኝ ከኢትዮጵያ እለዋለሁ። ቤተ እስራኤል ነኝ፣ አይሁዳዊ ነኝ ካልኩማ ጥያቄው አያልቅም። እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ካላመናችሁ ማሚቱን ጠይቋት።

መንታ ልጆች አሉን፤ ጊዲዮንና ማህደር። እሱ ምህንድስና፣ እሷ ሕግ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ይማራሉ። ሁለቱም ካምደን የሚሰበሰበው የአይሁድ ተማሪዎች ማኅበር አባል ናቸው። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው መሀረብ የሚያቀብል ነበሩ። የጋዛው ጦርነት ከመጣ ወዲህ ግን ተለያዩ። ጊዲዮን የታገቱትን ሰዎች ፎቶ ይዞ ሰልፍ ወጣ። ማህደር ከአይሁድ ጓደኞቿ ጋር ጦርነቱ ይቁም የሚል ጨርቅ ይዛ ሌላ ሰልፍ ወጣች። እሱን አውቶቡስ ውስጥ ነፍሰ ገዳይ ብለው ሰደቡት። እሷን ደግሞ ወገንሽን ሸጥሽ ብለው ስልኳን በስድብ ሞሉት። ማሚቱ ገበታ ላይ ፖለቲካ የለም ብላ ደነገገች። እሺ አሉ፤ ጨው እንኳ ሲቀባበሉ በእናታቸው በኩል ሆነ።

እኔማ ማማረር ነበር ሥራዬ። «ይሄን ሁሉ ከየት ነው ያመጡት? ስልኩ ነው ያበላሻቸው፣ ዩኒቨርሲቲው ነው» እላለሁ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ! ከእኔው ነበር ያመጡት።

ጋሻው የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ሱዳንን አብረን ተሻግረናል፣ አንድ ክፍል ተምረናል፣ አብረን ለውትድርና ተመዝግበናል። በሃያ ዓመቱ ለእረፍት ወደ እናቱ ሲሄድ የተሳፈረበት አውቶቡስ ላይ ቦምብ ፈነዳና ሞተ። በየዓመቱ በሞተበት ቀን ሻማ አበራለታለሁ። በእኛ ዘንድ ሰው እስከ ሰባት ድረስ አባቶቹን ይቆጥራል፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው ይላሉ፣ ለእኔ ግን ሰውን ሰው የሚያደርገው እሱ ይመስለኛል። ጊዲዮን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ሻማውን ይዞልኝ፣ «ጋሻው በላይ፣ በላይ ፈረደ፣ ፈረደ ጀምበር» እያለ እስከ ሰባት ይቆጥራል። ከዚያ አሟሟቱን እነግረዋለሁ፤ ጫማውን እንዴት እንዳገኘነው ሳይቀር። ማህደርን አልጠራትም ነበር። ለምን ብትሉኝ ሴት ስለሆነች ነው፤ ሌላ መልስ የለኝም።

ለእሷ ሌላ ነገር ነገርኳት። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር፣ እሑድ እሑድ ጠዋት ኤድመንተን ካለ የዕቃ መጋዘን ባዶ ግቢ ውስጥ መኪና አለማምዳታለሁ። አንድ ቀን መሪውን ጨብጣ ፊት ለፊቷን እያየች፣ «አባዬ፣ ወታደር ሳለህ ሰው በድለህ ታውቃለህ?» አለችኝ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ዓይኔን ስላላየችው ይሆናል፣ ነገርኳት። ኬላ ላይ ስንጠብቅ የነበረ አንድ ጠዋት አለቃችን ሰው ሁሉ ፊት በቆዳዬ ቀለም ሰደበኝ። ያን ውጬ እንደቆምኩ አንድ የፍልስጥኤም ሽማግሌ የወይራ ዘይት በጀሪካን ይዞ መጣ። ልጁ ወልዳ ሊጠይቃት ነው የሚሄደው። በዓረብኛ «ልጄ» ብሎ መታወቂያውን ሰጠኝ። ኪሴ ከተትኩና «እዚያ ጋ ቁም» አልኩት። ያለ መታወቂያ ወደፊትም ወደኋላም መሄድ አይችልም። ከዚያ ረሳሁት አልኳት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ ላይ ቆመ አልኳት።

ማህደር መኪናውን ግቢው መሃል ላይ አቆመችና እጄን ያዘች። «ልጅ ነበርክ እኮ አባዬ። ረስተህ ነው» አለችኝ። ለማንም አትንገሪ አላልኳትም። ትናገራለች ብዬ አላሰብኩማ።

እንግዲህ ለጊዲዮን የደረሰብኝን ነገርኩት፤ ለማህደር ያደረስኩትን። ሁለቱም አባታቸውን አመኑ። እነሱ ምን አጠፉ?

በየካቲት ወር አንድ ሐሙስ ከሰዓት ማኅበሩ ስብሰባ ጠራ። ተማሪዎቹ መጯጯሁ ሰልችቷቸው ኖሮ፣ አራት ልጆች ተመርጠው ማንም ማንንም ሳይከራከር አቋማቸውን ከየት እንዳመጡት ብቻ እንዲናገሩ ተስማሙ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ኋላ ነው። አንዷ ልጅ አያቷ ብቻቸውን በባቡር ከናዚዎች አምልጠው እዚህ አገር እንዴት እንደገቡ ተናገረች። አንዱ ልጅ ደግሞ ጠዋት የሁለቱንም ወገን ዜና እንደሚያነብ፣ ከምሳ በፊት አንድ ሐሳብ፣ ከምሳ በኋላ ሌላ ሐሳብ እንደሚይዝ፣ ይህንንም መናገር እንደሚያሳፍረው ተናገረ። ጊዲዮን ጋሻውን ተናገረ። ማህደር ሽማግሌውን ተናገረች። «አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። ረስቶ ነው። ግን ሰው እንደዚያ የሚረሳበት ቦታ ልክ አይደለም» አለች።

ያኔ አንዱ ወደ ጊዲዮን ዞሮ፣ «የአንድ ቤት ልጆች አይደላችሁ እንዴ? አንተ ይሄን አልሰማህም?» አለው። ጊዲዮን አልሰማሁም አለ። ልጄ የሚያውቀው አባት የአሮጊት ሻንጣ ተሸክሞ ተርሚናል ድረስ የሚያደርስ ነው። ተናደደ። «አሁኑኑ እንጠይቀው» ብሎ ደወለ።

እኔ መኪና እየነዳሁ ነው። ጎኔ ጋሽ ፀሐዬ ተቀምጠዋል። ጋሽ ፀሐዬ ሎንዶን ላለነው ጥቂት ቤተሰቦች ሽማግሌያችን ናቸው፤ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ በበዓል ዳቦ ይባርካሉ። ወላጆቼን ወደ ሱዳን የመሩት እሳቸው ናቸው። እግሬ ቆስሎ መራመድ ሲያቅተኝ ሁለት ቀን በጀርባቸው አዝለውኛል። ጠረፉ ላይ ወታደሮች መንገድ ዘግተው ሲያቆሙን ፊታቸው ተንበርክከው ያሳለፉን እሳቸው ናቸው። ዛሬ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እኔ በአምሳ ዓመቴ ፊታቸው እግሬን አነባብሬ ተቀምጬ አላውቅም። የዚያን ቀን ከእስራኤል ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ ከሂትሮው ተቀብያቸው ወደ ቤታቸው እየወሰድኳቸው ነበር።

ስልኩ በመኪናው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። አነሳሁት።

«አባዬ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አለ ጊዲዮን። «ኬላ ላይ የአንድ ሽማግሌ መታወቂያ ኪስህ ከተህ ቀኑን ሙሉ አቁመኸው ታውቃለህ? ማህደር አባዬ ነው የነገረኝ ትላለች።»

ጋሽ ፀሐዬን በጎን አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን ዱላቸው ላይ አድርገው መንገዱን ያያሉ። ያዘሉኝ ሰው፣ ወታደር ፊት የተንበረከኩልኝ ሰው፣ እኔ ወታደር ሆኜ ምን እንዳደረግኩ ሊሰሙ ነው።

«እንዲህ ያለ ነገር አላደረግኩም» አልኩ። ያ አልበቃኝም። «ለማህደርም እንዲህ ብዬ አላውቅም። ከየት እንዳመጣችው እሷን ጠይቃት።» አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ልጄ ብቻውን ያለ መስሎኝ ነበር። ለካ እሱም ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ፣ አርባ ተማሪ ይሰማኛል፤ እሱ ደግሞ ቃል በቃል ይተረጉምላቸዋል። ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። አንዲት ልጅ በእንግሊዝኛ «እናመሰግናለን ጌታዬ» አለችኝ። ከዚያ ከሩቅ የማህደር ድምፅ አንድ ጊዜ ብቻ «አባዬ» አለ። ስልኩ ተዘጋ።

ጋሽ ፀሐዬን ቤታቸው አደረስኳቸው። ሲወርዱ «ዝናቡ በረታ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ብቻ አሉኝ።

ማህደር ያን ቀን ወደ ቤት አልመጣችም፤ ጓደኛዋ ሱመያ ጋ አደረች። ማኅበሩ በትሕትና የተጻፈ ኢሜይል ላከላት፤ ያልሆነ ነገር ሆነ ብላ ስለተናገረች በሚቀጥለው ሐሙስ ይቅርታ እንድታነብ የሚል። አባቷን ሸጣ ስም የምትገዛ ብሎ የለጠፈም ነበር። እኔ ጋ አልደወለችም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ጊዲዮን ግን አርብ ጠዋት ወጥ ቤት ገብቶ ትከሻዬን ያዘኝ። «አይዞህ አባዬ፣ ስምህን አስመልሰናል። ይቅርታ ትጠይቅና ያልቃል» አለኝ። ደስ ብሎት አይደለም፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል። ስለ እኔ ብሎ ከእህቱ ጋር ተጣልቶ፣ እኔን ያጽናናል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያን ጊዜ ነበር።

አባቴ አንድ ልማድ ነበራቸው። ሰው በድለው ሰንበት ከገባባቸው የሰንበቱን ዳቦ አይባርኩም፣ ለወንድማቸው ይሰጣሉ። እኔ ያን ማታ ባረክሁ። ቆርሼ ለማሚቱ ሰጠሁ፣ ለጊዲዮን ሰጠሁ፣ የማህደር ድርሻ በእጄ ላይ ቀረ። ማሚቱ ተቀብላኝ በጨርቅ ጠቀለለችው። ጊዲዮን ሲነሳ ጠብቃ ቀስ ብላ፣ «ነግረሃታል፣ አይደል?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔን ሠላሳ ዓመት ሳትነግረኝ ለእሷ ነገርካት፣ ከዚያ ደግሞ ካድካት» አለችና ሳህኖቹን ይዛ ገባች።

ማክሰኞ ጋሽ ፀሐዬ አስጠሩኝ። ቤታቸው ስገባ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው መድኃኒታቸውን በየሳጥኑ ይደለድላሉ። ተቀመጥ አሉኝ፤ አልተቀመጥኩም።

«ያን ቀን መኪና ውስጥ ዋሽተሃል» አሉኝ።

መሬት መሬት አየሁ።

«እኔ ስላለሁ ነው የዋሸኸው?»

«አዎ ጋሼ። እርስዎ እንዳይሰሙ ብዬ ነው።»

አንዱን ክኒን ብርሃን ላይ ይዘው አዩትና ቦታው ከተቱት። «እኔ ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይሄን ብሰማ አልሞትም ነበር። እኔን አከበርኩ ብለህ ልጅህን አዋረድክ። እንዲህ ያለ ክብር ለእኔ አታምጣብኝ፣ ማኑሄ» አሉኝ።

«ምን ላድርግ ጋሼ?»

«የት ነው የተናገርከው?»

«ተማሪዎቹ ፊት።»

«እንግዲያ እዚያው ነዋ» አሉና ወደ መድኃኒታቸው ዞሩ።

ሐሙስ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ካምደን ሄድኩ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ማኅበሩ አዳራሽ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እኔ ሦስት ጊዜ ወደኋላ ተመልሼ ግማሽ ሰዓት ፈጀሁበት። የፈራሁት ተማሪዎቹን አይደለም። ጊዲዮንን ነው። ዛሬ ከገባሁ ልጄ የሚያውቀው አባት ያበቃለታል። ካልገባሁ ልጄ ያላደረገችውን ጥፋት በራሷ አፍ ታነባለች። ምርጫው ይኸው ነበር፣ ሌላ የለውም።

አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ወንበሮች በክብ ተደርድረዋል፣ ጥግ ላይ ሳንድዊችና የብርቱካን ጭማቂ አለ። ማህደር የታጠፈ ወረቀት ይዛ መጨረሻ ላይ ተቀምጣለች። ስገባ አየችኝና ዓይኗን ወረቀቱ ላይ ተከለች። ጊዲዮን ግን ፊቱ በራ፤ ስሜን ላስመልስ የመጣሁ መስሎት ነው። ሰብሳቢዋን ሦስት ደቂቃ ስጡኝ አልኳት። የእኔ እንግሊዝኛ የሻንጣ እንግሊዝኛ ነው፤ ተርሚናል ስንት፣ ጭንቅላትዎን ይጠብቁ፣ ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ «ጊዲዮን፣ ና ተርጉምልኝ» አልኩት። መጥቶ ጎኔ ቆመ።

«ማህደር የተናገረችው እውነት ነው» አልኩ። «የነገርኳት እኔ ነኝ። ባለፈው ሐሙስ የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ጊዲዮን ዞሮ አየኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ተረጎመው፤ ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ቀጠልኩ። ኬላውን፣ የአለቃዬን ስድብ፣ ዘይቱን፣ «ልጄ» ማለታቸውን ተናገርኩ። እሱም እየተከተለ ተረጎመ። እዚያ ላይ ላቆም እችል ነበር። ማህደር ነፃ ወጥታለች፤ ይቅርታ የምትጠይቅበት ነገር የላትም። ግን ቀና ብላ አየችኝ፤ መኪናው ውስጥ እጄን ስትይዘኝ በነበረው ዓይን። ያን ዓይን ደግሜ መስረቅ አልቻልኩም።

«አንድ ነገር ግን ለማህደርም ዋሽቻለሁ» አልኩ። «ረሳሁት ብያት ነበር። አልረሳሁትም። ምሳ ላይ እጄን ኪሴ ስከት ካርዱን ነካሁት። በመስኮት ሳይ ሽማግሌው ጀሪካኑን በእግራቸው መሃል አድርገው ቆመዋል። ካርዱን መልሼ ከተትኩት። ምሳዬን ጨረስኩ፣ ሻይ ጠጣሁ። ማንም የማይፈራው ሰው ነበርኩ፤ እሳቸው ግን ሲፈሩኝ ደስ አለኝ።»

ጊዲዮን ይህን አልተረጎመውም። አፉን ከፈተና መልሶ ገጠመው። ተማሪዎቹ ይጠብቃሉ። ከወዲያ መጨረሻ ማህደር ተነስታ፣ ወረቀቱን እንደያዘች፣ ከአልረሳሁትም ጀምራ እስከ ደስ አለኝ ድረስ በእንግሊዝኛ አለችው። አንድም ቃል አልቀነሰችልኝም። መጨረሻው ላይ ድምጿ ተሰበረ፣ ግን ጨረሰችው።

«በዘጠኝ ሰዓት ስመልስላቸው አመሰግናለሁ አሉኝ» አልኩ። እሱንም ተረጎመችው።

አንድም ሰው አላጨበጨበም፣ አልተሳደበም። ሐሳቤ ይለዋወጣል ያለው ልጅ መሆን አለበት፣ ሳንድዊቹን ጭኑ ላይ እንደያዘ ረስቶት ተቀምጧል። ማህደር ወደ እኔ አልመጣችም። እኔም ትመጣለች ብዬ አልጠበቅኩም። ለመውጣት ኮቴን ስይዝ ጊዲዮን ክንዴን ያዘኝ። የሚመታኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመታኝም መብቱ ነው።

«ስማቸው ማን ነው?» አለኝ በአማርኛ።

«የማን?»

«የሽማግሌው። የጋሻውን እስከ ሰባት አስቆጥረኸኛል። የእሳቸውስ?»

መታወቂያው ላይ ስማቸው፣ የአባታቸው ስም፣ የአያታቸው ስም ተጽፏል፤ በዓረብኛም፣ እኔ በማነበው በዕብራይስጥም። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ኪሴ ውስጥ ነበር።

«አላነበብኩትም» አልኩት።